ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ወይስ የበሽታ ዘበኛ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ ማታ እራት ላይ «ዩኒቨርሲቲ ስገባ ባዮሴኩሪቲ ነው የማጠናው» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ? አብዛኞቻችን መጀመሪያ «እሱ ደግሞ ምንድነው?» ቀጥለን «ሥራ ይገኝበታል ወይ?» ነው የምንለው። አይፈረድብንም። እኛ ለልጅ የምንመኛቸው ሙያዎች ሁለት ናቸው፤ ዶክተርና ኢንጂነር። ሦስተኛ ከተጨመረ ጠበቃ ነው።

እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። ኮሌጅ ገብቼ ጥቂት ተምሬያለሁ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬ ያለፈው በምድጃና በሒሳብ ወረቀት መሃል ነው። ስለዚህ ትምህርት ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ግን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ትምህርቱ የሚያወራው ስለ እኛው ታሪክ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ሙያ በአውሮፓ ከታወቁት መሥሪያ ቤቶች አንዳንዶቹ እዚሁ ሶልና ናቸው። በሜትሮ እንሄዳለን፣ በደጃቸው እናልፋለን፣ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን አናውቅም። ልጆቻችን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን በወጥ ቤት ላስረዳችሁ

ምግብ ቤት ውስጥ ጥሬ ዶሮ የሚከተፍበትና ሰላጣ የሚከተፍበት ጣውላ ለየብቻ ነው። የማቀዝቀዣው ዲግሪ ይመዘገባል። ጥሬ ሥጋ የነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይነካም። ከኮሙን የሚመጣው ተቆጣጣሪም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሰው ሳያውቀው በጀርም እንዳይታመም ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ ሲሆን ይህን ዓይነቱን ጥንቃቄ ባዮሴፍቲ ይሉታል።

አሁን ደግሞ ሌላውን አስቡ። የጓዳው ቁልፍ ማን ጋ ነው? የአይጥ መርዙ የት ተቀመጠ? ሥራ የለቀቀው ልጅ ቁልፍ መልሷል? ይህ ሌላ ዓይነት ጥበቃ ነው። ክፉ ያሰበ ወይም ግዴለሽ የሆነ ሰው አደገኛ ነገር እጁ እንዳይገባ የሚደረግ ነው። ባዮሴኩሪቲ ማለት እንግዲህ ይኼኛው ነው። የሙያው ሰዎች ሲያሳጥሩት፣ የመጀመሪያው ሰውን ከጀርም ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ጀርሙን ከሰው ይጠብቃል ይላሉ። ባዮዲፌንስ የሚሉት ደግሞ አደጋው ቢመጣ አገር እንዴት ቶሎ እንደሚያውቀው፣ ክትባቱንና መድኃኒቱን ከየት እንደሚያመጣ፣ ሕዝቡን እንዴት እንደሚያድን ነው።

ተማሪዎቹ የሚያነቡት ባዮሎጂ ብቻ አይደለም። ሕግ አለበት፣ ታሪክ አለበት፣ ፖለቲካ አለበት። በ1978 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከፈንጣጣ ላቦራቶሪ ፎቅ ላይ በሚገኝ ክፍል ትሠራ የነበረች ሴት በዚያው በሽታ ተይዛ ሞተች። በዓለም ላይ በፈንጣጣ የሞተ የመጨረሻው ሰው እሷ ናት። በ1979 በሶቪየት ኅብረት ስቬርድሎቭስክ ከተማ ከወታደራዊ ተቋም የወጣ የአባ ሰንጋ ጀርም በነፋስ ሄዶ ቢያንስ 66 ሰው ገደለ። በ2001 አሜሪካ ውስጥ በፖስታ በተላከ የአባ ሰንጋ ዱቄት 5 ሰው ሞተ። አንዱ የጥንቃቄ ጉድለት ነው፣ አንዱ የመንግሥት ምሥጢር ነው፣ አንዱ የተንኮል ሥራ ነው። የዚህ ትምህርት ሥራ ሦስቱንም ለይቶ ማወቅና ለሦስቱም መዝጊያ መፈለግ ነው።

ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ታሪካችንን እንይ።

አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ሲሉ ሰምታችኋል? ከ1888 እስከ 1892 የነበረውን ረኃብ ነው። የጀመረው በዝናብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ በከብት በሽታ ነው። በ1887 ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ባስገቡት ከብት ውስጥ «የከብት ደስታ» የሚባለው በሽታ ነበረ። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደፈጀ ይነገራል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ማሳው ጾሙን አደረ፣ ሕዝብ አለቀ። ድንበር ላይ ከብቱን የሚመረምር፣ «ይህ መንጋ እዚሁ ይቁም» የሚል አንድ የሠለጠነ ሰው ቢኖር ኖሮ ታሪካችን ሌላ በሆነ ነበር። ያ ሰው ዛሬ የባዮሴኩሪቲ ባለሙያ ይባላል።

መጨረሻውም ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው። የከብት ደስታ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። በሽታው ቢጠፋም ግን ቫይረሱና ክትባቱ በጥቂት የተፈቀደላቸው ቤተ ሙከራዎች ተቆልፎ ተቀምጧል። ለአፍሪካ ክትባቱ የት ይጠበቃል መሰላችሁ? ደብረ ዘይት፣ ቢሾፍቱ፣ በአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። ሐይቁን ለማየት ስንት ጊዜ ሄደናል! እዚያው ከተማ ውስጥ ክፉ ቀን ተመልሶ እንዳይመጣ ቁልፍ የያዙ ሰዎች አሉ።

ሌላም አለ። በ1935 እና 1936 ጣልያን በአገራችን ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበች። የመርዝ ጋዝንና የጀርም መሣሪያን በጦርነት የሚከለክለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል በ1925 ተፈርሞ ነበር፤ ጣልያንም ኢትዮጵያም ገብተውበታል። ወረቀቱ ግን አላዳነንም። በዚያው ጦርነት ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በጣልያን አውሮፕላኖች ተደበደበ። የሚታከሙ ቁስለኞች አለቁ፣ ጉናር ሉንድስትረም የሚባል ስዊድናዊም ሞተ። እኛና ስዊድኖች በዚህ ጉዳይ ዛሬ አይደለም የተዋወቅነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው የተናገሩትም ስለዚሁ መርዝ ጭምር ነበር። ጀርምን መሣሪያ አድርጎ መሥራትና ማከማቸትን ጭምር የሚከለክለው ስምምነት በ1972 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ዋለ። የባዮሴኩሪቲ ተማሪ እነዚህን ሁለት ሰነዶች ነው ቀድሞ የሚያነበው።

አንድ ደስ የሚል ታሪክም ልጨምር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ነው። ከዚያች አንድ ምልከታ ተነስተው የዕድሜ ልክ ምርምር አደረጉ፣ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እዚሁ ስቶክሆልም የሚሰጠውን፣ ሰዎች «አማራጩ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። አዲስ አበባ ያለው የሥጋ ደዌ ምርምር ተቋም፣ አርማወር ሃንሰን የሚባለው፣ በ1970 የተቋቋመው በስዊድንና በኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅቶች ነው። ልጃችሁ ይህን መንገድ ብትመርጥ ማንም ያልሄደበት ጫካ አይደለም የምትገባው ማለቴ ነው።

ደጃችን ላይ ያለው

ሶልና ውስጥ የስዊድን የሕዝብ ጤና ባለሥልጣን፣ ፎልክሄልሶሚንዲግሄተን፣ አለ። ግቢው ውስጥ ያለው ከፍተኛው የጥንቃቄ ደረጃ፣ ደረጃ 4 የሚባለው ላቦራቶሪ በኖርዲክ አገሮች ያለው እሱ ብቻ ነው። ኢቦላና ማርበርግን የመሰሉ ቫይረሶች የሚመረመሩት በዚያ ነው። ሠራተኞቹ እንደ ጠፈርተኛ አየር የሚነፋበት ልብስ ለብሰው ነው የሚገቡት። ማርበርግ ሩቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ በኅዳር 2025 በአገራችን ደቡብ በጂንካ ተገኝቷል።

እዚያው ሶልና የአውሮፓ ኅብረት የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል አለ። ከ2005 ጀምሮ ነው የሚሠራው። በአውሮፓ የትኛው በሽታ የት እንደተነሳ በየቀኑ የሚከታተሉት እነሱ ናቸው። ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት፣ በ1810 የተመሠረተው፣ ጎረቤታቸው ነው። ሲፕሪ የሚባለው የሰላም ምርምር ተቋምም በ1966 የተቋቋመ ሲሆን ሶልና ይገኛል። በጋዝና በጀርም መሣሪያ ላይ በ1970ዎቹ ያወጣቸው ጥራዞች በሙያው የታወቁ ናቸው። የኢራቅን የጦር መሣሪያ እንዲመረምር ከ1991 እስከ 1997 የተባበሩት መንግሥታትን ቡድን የመራው ሮልፍ ኤኬውስም ስዊድናዊ ዲፕሎማት ነው። ኢራቅ የጀርም መሣሪያ ፕሮግራም እንደነበራት ያመነችው በእሱ ጊዜ በ1995 ነው።

ከስቶክሆልም ወጣ ስንል ኡፕሳላ የእንስሳት በሽታ ተቋም አለ፣ በሰሜን ኡሜዮ ደግሞ የመከላከያ ምርምር ተቋሙ የኬሚካልና የጀርም አደጋ ክፍል አለ።

መንገዱ እንዴት ነው?

በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት አካባቢ፣ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ባዮዲፌንስ በሚል ስም ማስተርስና ዶክትሬት ይሰጣል። በስዊድን ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ስም አትፈልጉት፤ በሌሎች በሮች ነው የሚገባው። ደረጃ በደረጃ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ጂምናሲየም ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ መስመር። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ወሳኝ ናቸው። በሌላ መስመር ያለፈ ወይም ዘግይቶ የመጣ ልጅ የጎደለውን ትምህርት ኮምቩክስ ገብቶ ማሟላት ይችላል። «አልፎበታል» አትበሉት።

ሁለተኛ፣ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 180 ነጥብ። ባዮሜዲሲን፣ ባዮሎጂ፣ ወይም ለዚህ የቀረበ።

ሦስተኛ፣ የሁለት ዓመት ማስተርስ፣ 120 ነጥብ። ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የኢንፌክሽን ባዮሎጂ ማስተርስ አለው። ካሮሊንስካ ባዮሜዲሲንና የሕዝብ ጤና አለው። ከላቦራቶሪ ይልቅ ሕግና ፖሊሲ የሚወድ ልጅ በፖለቲካ ሳይንስ ወይም በሕግ በኩልም ሊመጣ ይችላል፤ ስምምነት የሚደራደር ሰውም ያስፈልጋል። ለመኸር የሚጀምሩ ማስተርሶች የመጀመሪያው የማመልከቻ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በጥር አጋማሽ ያበቃል። በገና ዕረፍት ወረቀቱ ቢዘጋጅ ነው የሚሻለው።

አራተኛ፣ ዶክትሬት። እዚህ አገር የዶክትሬት ተማሪ ብዙ ጊዜ ተቀጣሪ ነው፤ ደመወዝ ይከፈለዋል። ይህን ለእናቶች ስነግር ፊታቸው ይፈካል።

ገንዘቡስ? የስዊድን ወይም የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ፣ ወይም እዚህ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት አይከፍልም። መኖሪያው ከሲኤስኤን በሚገኝ ድጎማና ብድር ሊሸፈን ይችላል። ብድሩ ይመለሳል፤ ያንን አስባችሁ ግቡበት።

የአንዲት እናት ጥያቄ

ቅዳሜና እሁድ እኔ ጋ የምትሠራ ልጅ አለች። ስሟን አልጠራም፣ እንድጽፍ ግን እሷም እናቷም ፈቅደውልኛል። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ጨርሳ ለኢንፌክሽን ባዮሎጂ ማስተርስ ማመልከት ፈለገች። እናቷ ሃያ ዓመት በአረጋውያን እንክብካቤ የሠሩ ሴት ናቸው፤ ወገባቸው አልቋል። ልጃቸው ነርስ ሆና ቶሎ ሥራ እንድትይዝ ነበር ምኞታቸው። አንድ ምሽት ደንበኛ ከወጣ በኋላ ሦስታችን ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ጉዳዩ ተነሳ።

«እኔ ትምህርት አልጠላሁም» አሉ እናትየው። «ግን ስለ መርዝና ስለ ጦር መሣሪያ ነው የምትማረው። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማነው? የእኛ ስም ያላት ልጅ አይደለችም? አንተስ ብትሆን ልጅህን ታስገባለህ?»

ልጅቷ አልተቆጣችም። «እማዬ፣ በኮሮና ጊዜ አንቺ መሥሪያ ቤት ማስክ አልነበረም። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በየቀኑ ስትወጪ በሩ ላይ ቆሜ አይሽ ነበር። እኔ የምማረው ያ እንዳይደገም ነው» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ እስቲ ያስረዱልኝ» አለች።

ምን ልበል? የእናትየው ፍርሃት እኮ ባዶ ፍርሃት አይደለም። ለአንዳንድ የመንግሥት ሥራዎች የጸጥታ ማጣሪያ አለ። ስለ ኑሮ፣ ስለ ዕዳ፣ ከውጭ አገር ጋር ስላለ ግንኙነት ይጠየቃል። በመንግሥት፣ በኮሙን ወይም በሬጂዮን ሥር ሆኖ በጸጥታ ደረጃ የተመደበ ሥራ የሚይዘው ደግሞ የስዊድን ዜጋ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ ይህ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ውሳኔ ነው። የስዊድንን የያዘ የኢትዮጵያን ይለቃል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ግን ማውጣት ይችላል። በዚህ ሙያ ያለ ሥራ ሁሉ እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለበትም። ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የመድኃኒት ኩባንያ፣ የምግብ ቁጥጥር አለ። ግን ልጁ ማስተርስ ከጨረሰ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ሊመክርበት ይገባል።

ለእናትየው የነገርኳቸው ይህን ነው። «ስለ ጥርጣሬው እውነትዎን ነው፣ ሊኖር ይችላል። ግን የዘበኛ ልጅ ስለ ሌባ ስለተማረ ሌባ አይባልም። ዘብ ቤቱ ውስጥ የእኛ ልጅ ከሌለች ስለ እኛ የሚያውቅም አይኖርም።» ዝም አሉ። ሁለተኛውን ቡና ጠጡና «እስቲ ወረቀቱን አምጪው፣ ልየው» አሏት። አልባረኩም፣ አልከለከሉም። ልጅቷ አመልክታለች።

ለምን የእኛ ልጆች?

2020ን አስታውሱ። ባለሥልጣኑ በየቀኑ በ8 ሰዓት ከሰዓት በኋላ መግለጫ ይሰጥ ነበር፣ በስዊድንኛ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በስቶክሆልም ከሞቱት መካከል ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ከቁጥራቸው በላይ እንደነበሩ ራሳቸው የሶማሌ ሐኪሞች ናቸው ቀድመው የተናገሩት። ሪንከቢና ቴንስታ ጠባብ ቤት ውስጥ ሦስት ትውልድ አብሮ ይኖራል፤ ታክሲ የሚነዳው፣ አውቶቡስ የሚነዳው፣ አረጋዊ የሚያጥበው ከዚያ ነው የሚወጣው። «ቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ» የሚለው ምክር ለእነሱ አልተጻፈም። በየቋንቋው የተዘጋጀ መረጃም ዘግይቶ ነው የመጣው።

በዚያ ሰሞን መግለጫውን ለእናቱና ለአያቱ የሚተረጉመው ማን ነበር? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ያ ልጅ ዛሬ ጂምናሲየም ነው ወይም ጨርሷል። እሱ እኮ ሳያውቀው የባዮሴኩሪቲን ግማሽ ሥራ ሠርቷል። በሽታን መቆጣጠር ማለት ግማሹ ላቦራቶሪ ነው፣ ግማሹ ሰው እንዲያምንህ ማድረግ ነው። ለቅሶ ቤት ሰው ለምን እንደማይቀር፣ ከአንድ መሶብ መብላት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ፣ አያትን «አትሳሚ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ባለሙያ በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ቢኖር ምክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ለልጆች

ልጆች፣ ይህቺ ለእናንተ ናት። ጀርም ሁሉ ጠላት አይደለም። የእማማ እንጀራ ዓይን የሚያወጣው በእርሾ ውስጥ ባሉ በዓይን በማይታዩ ነገሮች ነው። እርጎም እንደዚያው።

እስቲ ይህን ከትልቅ ሰው ጋር ሞክሩ። ሦስት ቁራሽ ዳቦ ውሰዱ። አንዱን በማንኪያ አንስታችሁ ማንም ሳይነካው ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ሁለተኛውን በሳሙና በታጠበ እጅ ነክታችሁ፣ ሦስተኛውን ከውጭ ገብታችሁ ባልታጠበ እጅ ነክታችሁ ለየብቻ ዝጉ። ስም ጻፉባቸው። በየቀኑ በከረጢቱ ውጭ እያያችሁ ምን እንደበቀለ ጻፉ ወይም ሳሉ። ከረጢቱን ግን በጭራሽ አትክፈቱት፤ ሲያበቃ እንደተዘጋ ይጣላል። አደገኛ ሊሆን የሚችልን ነገር ዘግቶ መያዝ፣ ስም መጻፍ፣ መመዝገብ፣ በሥርዓት መጣል፤ ሶልና ውስጥ በዚያ የጠፈርተኛ ልብስ የሚሠሩትም መጀመሪያ የሚማሩት ይህንኑ ነው።

ወላጆች ደግሞ ከዚህ ወር የትምህርት ቤት ስብሰባ በፊት ልጃችሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ከምትማሪው ውስጥ የትኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳሽ?» በሉ። መልሱ ባዮሎጂ ከሆነ፣ የትምህርት ቤቱን የሙያ አማካሪ ቀጠሮ ያዙና አብራችሁ ሂዱ። ስዊድንኛው ቢከብዳችሁም ሂዱ። ልጁ ይተረጉማል፤ ለምዶታል።